868 ጊዜ ከአጥር በላይ የመታው ሰው ማሠልጠን ለምን ከበደው?

ሜይ 9 ቀን 1996 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጃፓኗ ኦሳካ ከተማ፣ ከአንድ አሮጌ ስታዲየም ደጃፍ፣ የአንድ ቤዝቦል ቡድን አውቶቡስ በተቆጡ ደጋፊዎች ተከበበ። ቡድኑ በዚያ ቀንም ተሸንፎ ነበር። እንቁላል መወርወር ጀመረ። መስታወቱ ላይ እየፈነዳ፣ አስኳሉ ቁልቁል እየተንዠረገገ፣ ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ከእነርሱ ጋር የተቀመጠው ዋና አሰልጣኝ ሳዳሃሩ ኦ ነበር። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታሪክ ከእርሱ የበለጠ ሆም ረን የመታ ሰው የለም። በ22 ዓመት የተጫዋችነት ዘመኑ 868 ጊዜ ኳሷን ከአጥር በላይ ሰድዷታል። ጃፓን ውስጥ ስሙን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። ይህ ሰው አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ለምን እንቁላል ተወረወረበት? የእርሱን ሕይወት ከመነሻው ስንከተል መልሱ በመጠኑ ይገለጣል። መጫወትና ማሠልጠን ከሩቅ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ፣ ሲቀርቧቸው ግን የተለያዩ ሁለት ሙያዎች ናቸው።

ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር ላስቀድም። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ይቆማል። ብርቱ ወርዋሪ የሚለቃት ኳስ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበርራለች፤ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። በዚያች ቅጽበት መቺው ኳሷ ቀጥ ብላ ትምጣ ወይም ትታጠፍ መለየት፣ ልምታት ወይስ ልተዋት ብሎ መወሰን፣ ከወሰነም ድቡልቡሉን ዱላ ድቡልቡሏ ኳስ ላይ ማሳረፍ አለበት። ከመታት ቤዝ ወደሚባሉት የሜዳው ማዕዘናት ይሮጣል። ኳሷ ከአጥር በላይ ካለፈች ግን ማንም አይደርስባትምና አራቱንም ማዕዘን ተረጋግቶ ይዞራል፤ ሆም ረን የሚባለው ይህ ነው። ሦስት ጊዜ ከሳተ ደግሞ ይወጣል። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን ያሳካ መቺ በዚህ ሙያ እንደ ምርጥ ይቆጠራል፤ ሰባት ጊዜ መክሸፍ የሥራው አካል ነው ማለት ነው።

ሳዳሃሩ በ1940 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከቻይና የመጣ ስደተኛ፣ እናቱ ጃፓናዊት ነበረች፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በአነስተኛ የቻይና ምግብ ቤት ነበር። የቤተሰቡ ስም የሆነው «ኦ» በቻይና ጽሕፈት ንጉሥ ማለት ነው። አባትየው ታላቅ ወንድሙ ሐኪም፣ እርሱ ደግሞ መሐንዲስ እንዲሆኑለት ይመኝ ነበር። የወንድሙ ተሳካ። ታናሹ ልቡ ሜዳው ላይ ነበር።

በልጅነቱ በግራ እጁ ይወረውራል፣ ሲመታ ግን እንደ ቀኝ እጅ ሰው ይቆም ነበር። አንድ ቀን በሰፈሩ ሜዳ ሲጫወት አንድ መንገደኛ ቆሞ አየውና በግራ በኩል ቆሞ እንዲመታ መከረው። ልጁ የተባለውን አደረገ፤ ኳሷም ርቃ ሄደች። ያ መንገደኛ ሂሮሺ አራካዋ ይባላል። በወቅቱ በአንድ የቶኪዮ ቡድን የሚጫወት ሰው ነበር፤ ኮከብ አልነበረም፣ በመቺነቱም ስሙ አይነሣም። ይህን ሰው አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በ1957 ሳዳሃሩ በዋሴዳ ጂትሱግዮ ትምህርት ቤት ወርዋሪ ሆኖ፣ ጣቱ ተልጦ ኳሷ ላይ ደም እየቀባ፣ ኮሺየን በሚባለው ስታዲየም የሚካሄደውን የፀደይ ብሔራዊ የትምህርት ቤቶች ዋንጫ አሸነፈ። በጃፓን ይህ ዋንጫ አገር ሥራ ፈትቶ የሚከታተለው ነው። በዚያው ዓመት መጸው የትምህርት ቤቱ ቡድን ወደ ብሔራዊው የስፖርት ጨዋታ ሲሄድ ግን ሳዳሃሩ እንዳይጫወት ተከለከለ። ምክንያቱ ዜግነቱ ነበር። በአባቱ በኩል የቻይና ሪፐብሊክ፣ ማለትም ዛሬ ታይዋን የምንላት አገር ዜጋ ስለነበረ «ጃፓናዊ አይደለህም» ተባለ። ተወልዶ ያደገበትን አገር ትምህርት ቤት ለድል ያበቃ የ17 ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ቆሞ ተመለከተ። ይህንንም እናስታውሰው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ይመጣል።

በ1959 የአገሪቱ ታላቁ ቡድን ዮሚዩሪ ጃያንትስ ወሰደው። ሲገባ ወርዋሪ ነበር፤ አሰልጣኞቹ መቺ ይሁን አሉ። የመጀመሪያዎቹ 26 ሙከራዎቹ በሙሉ ከሸፉ። በመጀመሪያው ዓመት 7 ሆም ረን፣ በሁለተኛው 17፣ በሦስተኛው 13 መታ። ደጋፊው በስሙ እየተጫወተ «ኦ፣ ኦ፣ ሳንሺን ኦ!» እያለ ይጮኽበት ጀመር፤ ንጉሥ፣ ንጉሥ፣ ስቶ የመውጣት ንጉሥ ማለት ነው። ልጁ ጉልበት አላነሰውም። መጠጥና ምሽት ግን ይወድ ነበር፤ አመታቱም ላይ አንድ እንከን ነበረ።

እንከኑ ይህ ነው። ኳሷ ስትመጣ ዱላውን ከመሰንዘሩ በፊት እጆቹ ወደ ኋላ አንድ ትርፍ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ናት፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር ግማሽ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በሚያልቅበት ሥራ የዓይን ጥቅሻ ብዙ ነው። ዱላው ሁልጊዜ ይዘገያል። «እጅህን አታንቀሳቅስ» ብሎ መናገር ቀላል ነበር፤ ብዙዎች ነግረውታል። ሰውነት ግን በቃል አይታዘዝም፤ የለመደውን ይሠራል።

በ1962 ያ የጥንቱ መንገደኛ አራካዋ የጃያንትስ የመቺዎች አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። መፍትሔ ያለውም ሰሚውን የሚያስገርም ነበር፦ ሳዳሃሩ ግራ እግሩ ላይ ብቻ ቆሞ፣ ቀኝ ጉልበቱን ወደ ላይ አንሥቶ ኳሷን ይጠብቅ። በአንድ እግር የቆመ ሰው ትርፍ እንቅስቃሴ ካደረገ ይወድቃል። ስለዚህ እጆቹ ሳይወዱ በግድ ጸጥ ይላሉ። ከዚያም የተነሣው እግር ወደ ፊት ሲያርፍ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ወደ ኳሷ ይሄዳል። አራካዋ ተጫዋቹ በአእምሮው ሊያርመው ያልቻለውን ስሕተት ሰውነቱ ራሱ እንዲያርመው የሚያስገድድ አቋም ፈጠረለት። የአሰልጣኝነትን ጥበብ በአንድ ምሳሌ አሳየኝ ብባል የማነሣው ይህንን ነው።

በጁላይ 1 ቀን 1962 ዓመቱ እየተጋመሰ፣ በሁለቱም ላይ ጫናው በበረታ ጊዜ፣ አራካዋ ዛሬ እንሞክረው አለው። በመጀመሪያው ተራ ኳሷን አገኛት፤ በሁለተኛው ከአጥር በላይ ሰደዳት። ዓመቱ ሲያልቅ 38 ሆም ረን መትቶ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ ለ13 ተከታታይ ዓመታት የሚቀድመው አልተገኘም።

ይህን ስንሰማ በአንድ ቀን የተከሰተ ተአምር ሊመስለን ይችላል። ከጀርባው ግን የአራካዋ ቤት ነበረ። ሳዳሃሩ ከጨዋታ በፊትና በኋላ እዚያ እየሄደ፣ በታታሚው ምንጣፍ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ምንጣፉ እስኪበላ ድረስ ዱላ ሲያወዛውዝ ያመሽ ነበር። አራካዋ አይኪዶ የተባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ ይማር ስለነበር ተማሪውን ወደ መሥራቹ ሞሪሄይ ዌሺባ ማሠልጠኛ ወሰደው። እዚያ የተማሩት «ማ» የሚባል ሐሳብ ነው፤ በሁለት ተፋላሚዎች መካከል ያለው የቦታና የጊዜ ርቀት ማለት ነው። ርቀቱን የሚገዛው ሰው ፍልሚያውን ይገዛል። በቤዝቦል ሲተረጎም፣ መቺው ወደ ኳሷ አይንደረደርም፤ ኳሷ ወደ እርሱ ርቀት እስክትገባ ይጠብቃታል። ቀጥሎም ሰይፍ አስያዘው። ከጣሪያ በክር የተንጠለጠለ ወረቀት በእውነተኛ ሰይፍ እንዲቆርጥ አዘዘው። ወረቀቱን በጉልበት የመታው ሰው ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። የሚቆርጠው የሰይፉ መንገድ ፍጹም ቀጥ ያለ ሲሆን ብቻ ነው።

በ1964 ሳዳሃሩ በአንድ ዓመት 55 ሆም ረን መታ። የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ የማራቶን ወርቁን ለሁለተኛ ጊዜ ያጠለቀው በዚሁ ዓመት ኦክቶበር ላይ ነበር፤ ቶኪዮ በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደታደለች ሳስብ እቀናለሁ። የሂሮሺማ ቡድን ሳዳሃሩን ለማስቆም የመምቻ ልማዱን በኮምፒውተር አስጠንቶ ተጫዋቾቹን ወደ ሜዳው ቀኝ ጎን አከማቻቸው፤ ግራው ባዶ ቀረ። ሳዳሃሩ ወደ ባዶው ቦታ ቀስ አድርጎ ቢመታ በቀላሉ ያመልጣቸው ነበር። አላደረገውም። አመታቱን ለእነርሱ ብሎ ቢቀይር ያን ሁሉ ሌሊት የደከመበት ነገር እንደሚበላሽ ያውቅ ነበር፤ በአናታቸው ላይ እያሻገረ መምታቱን ቀጠለ።

የቀረውን የተጫዋችነት ዘመኑን በአጭሩ ልለፈው፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ጃያንትስ ከ1965 እስከ 1973 ለዘጠኝ ተከታታይ ዓመታት የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1977 ሳዳሃሩ 756ኛውን ሆም ረን መትቶ የአሜሪካዊውን የሃንክ አሮንን 755 አለፈ፤ የጃፓን መንግሥትም አዲስ የክብር ሽልማት አቋቁሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርሱ ሰጠው። አሜሪካውያን የጃፓን ሜዳዎች ጠባብ፣ ወርዋሪዎቹም ደካማ ናቸው እያሉ ቁጥሩን ያቃልሉት ነበር፤ ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። አሮን ራሱ ግን ወዳጁ ሆነ፤ ኋላም ሁለቱ ተባብረው ለዓለም ሕፃናት የቤዝቦል ፕሮግራም መሥርተዋል። በ1980፣ በ40 ዓመቱ፣ በዓመቱ 30 ሆም ረን እየመታ ጫማውን ሰቀለ። ለሌላው ሰው 30 የዘመን ምርጥ ነው፤ ለእርሱ የመድከም ምልክት ነበር።

ሁለተኛው ሙያ እዚህ ይጀምራል። ለሦስት ዓመት ረዳት ከሆነ በኋላ በ1984 የጃያንትስ ዋና አሰልጣኝ ተደረገ። የቤዝቦል ዋና አሰልጣኝ ሥራ ከእግር ኳሱ የሚለይበት ነገር አለ። ጨዋታው በየቀኑ ማለት ይቻላል፤ በዓመት ከ130 በላይ ነው። የተቀየረ ተጫዋች ደግሞ፣ እንደ እግር ኳሱ ሁሉ፣ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ስለዚህ አሰልጣኙ በየምሽቱ መልሶ የማያገኘውን ነገር ያወጣል፦ የደከመውን ወርዋሪ አሁን ላስወጣው ወይስ አንድ ሰው ድረስ ልታገሠው? ለነገው ጨዋታ ማንን ልቆጥብ? ወርዋሪ ክንዱ በተጠቀመበት ቁጥር ያልቃል፤ የዛሬው ድል የሚከፈለው ከነገው ላይ ነው።

ሳዳሃሩ በዚህ ተፈተነ። ካቶሪ የተባለውን አንድ ታማኝ ወርዋሪ ደጋግሞ በመጥራቱ ትእዛዙ ራሱ በአገሩ መተረቻ ሆነ። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1987፣ የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ የሁለቱ የጃፓን ሊጎች አሸናፊዎች በሚገናኙበት ፍጻሜ ግን በሴይቡ ቡድን ተሸነፈ። በ1988 ተሰናበተ። በእኔ እምነት ችግሩ የዕውቀት ማነስ አልነበረም። እርሱ ሌሊት ሙሉ ዱላ ሲያወዛውዝ ያደረ ሰው ነው፤ ከሌላውም ያንኑ ጠበቀ። ታላላቅ ተጫዋቾች የሚሠሩትን በሰውነታቸው ያውቁታል፤ ለሌላ ሰው በቃል ሲያስረዱት ግን ይጠፋባቸዋል። አራካዋ ለመቺነት የተሰጠው ጸጋ ትንሽ ስለነበረ እያንዳንዱን ነገር ፈትቶ መመርመር ነበረበት። በዚያ ምክንያት ነው የሚያስተምረው ነገር የነበረው።

ለስድስት ዓመታት ከሜዳ ርቆ ከቆየ በኋላ ሪኩዎ ኔሞቶ የተባለ ብልህ አስተዳዳሪ አግባብቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፉኩኦካ ወሰደው። ለቶኪዮ ሰው ይህ ስደት ያህል ነበር። ቡድኑ ዳይኤ ሆክስ ከ1978 ጀምሮ ከስድስቱ የሊጉ ቡድኖች የላይኞቹን ሦስት ደረጃዎች አይቶ አያውቅም ነበር። ሳዳሃሩ እዚያ የለበሰው መለያ ቁጥሩ 89 ነው፤ በጃፓንኛ 8 እና 9 ሲነበቡ «ያኪዩ»፣ ቤዝቦል፣ የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። በተጫዋችነቱ የታወቀበትን 1 ቁጥር ቶኪዮ ትቶት መጣ።

እንቁላሉ የተወረወረው በሁለተኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ መጨረሻ ወጣ። ሳዳሃሩ ደጋፊዎቹን አልተሳደበም፣ ጥበቃም አልጠየቀም። እንዲህ የሚያደርጉት ለቡድኑ ከልባቸው የሚያስቡ ናቸው፣ ልንመልስላቸው የምንችለው ድል ብቻ ነው ብሎ ለተጫዋቾቹ ነገራቸው። ስቶ የመውጣት ንጉሥ እየተባለ ያደገ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል እንቁላሉ ያልሰበረው።

ቀስ በቀስም ሥራው መልክ ያዘ። በሴይቡ የማሸነፍ ልማድ ይዘው ያደጉትን አኪያማንና ወርዋሪውን ኩዶን የመሳሰሉ አንጋፋዎች ወጣቶቹን እንዲያርሙ ተዋቸው። ጆጂማ የተባለው ወጣት ያዢ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ለወርዋሪው ምልክት የሚሰጠው ሰው፣ ሥራውን ከኩዶ ሥር ሆኖ ተማረ፤ በ2006 በአሜሪካ ታላቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ያዢ ሆነ። ሳዳሃሩ ሁሉንም ነገር ራሱ ማስተማሩን ትቶ አስተማሪዎችን ማስቀመጥ ቻለ። በ1999 ሆክስ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ፤ ኔሞቶ ግን ይህን ሳያይ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ አርፎ ነበር። በ2003 ደገሙት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የሳዳሃሩ የ55 ሆም ረን ክብረ ወሰን ለአሥርተ ዓመታት ሲቆይ ሦስት የውጭ አገር ተጫዋቾች ደጃፉ ደርሰው ነበር። በ1985 አሜሪካዊው ራንዲ ባስ 54 መትቶ የመጨረሻ ጨዋታው ከሳዳሃሩ ቡድን ጋር ሲሆን የጃያንትስ ወርዋሪዎች ሆን ብለው ሊመታ የማይችለውን ኳስ እያራቁ ወረወሩለት። በ2001 ተፊ ሮድስ 55 ላይ ደርሶ ከሆክስ ጋር ሲገናኝ ያው ሆነ፤ በ2002 አሌክስ ካብሬራንም ያው ገጠመው። በ2001 ከሳዳሃሩ ረዳቶች አንዱ ክብረ ወሰኑን የውጭ ሰው እንዲሰብረው እንዳልፈለጉ በይፋ ተናገረ። ሳዳሃሩ ትእዛዝ አልሰጠሁም ብሏል። አምነዋለሁ። ነገር ግን አሰልጣኝ «አቁሙ» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። በ17 ዓመቱ በዜግነቱ ምክንያት ከሜዳ የተከለከለ ሰው፣ በእርሱ ስም ሌላው በዜግነቱ ሲከለከል ዝም ማለቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰውየውን ስለምወደው ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ክብረ ወሰኑን በ2013 ከኩራሳው የመጣው ዋላዲሚር ባለንቲን 60 መትቶ ሰበረው።

ዓለም የእርሱን አሰልጣኝነት ያየው በ2006 ነው። በመጀመሪያው የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ጃፓንን መራ። ያ የተከለከለው ልጅ ዜግነቱን ሳይቀይር የጃፓንን ብሔራዊ ቡድን መለያ ለበሰ ማለት ነው። ቡድኑ በደቡብ ኮሪያ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ ሜክሲኮ አሜሪካን ስላሸነፈችለት ብቻ በጠባብ ስሌት ወደ ግማሽ ፍጻሜ አለፈ። ሦስተኛው ግጥሚያ እንደገና ከኮሪያ ጋር ሆነ። ፉኩዶሜ የተባለው ብርቱ መቺ በውድድሩ ዱላው ደርቆበት ስለነበር ሳዳሃሩ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በሰባተኛው ዙር፣ ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ሳለ፣ አስነሣው። ፉኩዶሜ ኳሷን ከአጥር በላይ ሰደዳት፤ ጃፓን 6 ለ 0 አሸነፈች፣ በፍጻሜውም ኩባን 10 ለ 6 ረታች። አንድን ሰው ማስቀመጥ ቀላል ነው። ያስቀመጡትን ሰው እምነቱ ሳይሞት በትክክለኛው ሰዓት ማስነሣት ግን የዓመታት ትምህርት ይፈልጋል።

ከአራት ወር በኋላ በጨጓራ ካንሰር ምክንያት ጨጓራው በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ባለቤቱም በዚያው በሽታ በ2001 አርፋ ነበር። ከስቶ፣ ልብሱ እየሰፋው፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ። በ2008 አሰልጣኝነቱን ሲተው ቡድኑ መጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን በበላይ ኃላፊነት እዚያው ቀረ። አራካዋ በ2016 በ86 ዓመቱ አረፈ።

ከሳዳሃሩ በኋላ ሆክስን አራት ሰዎች በዋና አሰልጣኝነት ተከታትለው ይዘዋል፦ አኪያማ፣ ኩዶ፣ ፉጂሞቶና ኮኩቦ። አኪያማ ሁለት ጊዜ፣ ኩዶ አምስት ጊዜ የጃፓን ዋንጫ አንሥተዋል። አራቱም በ1996፣ እንቁላሉ በተወረወረበት ዓመት፣ የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ።